ፈቃድ ከግንበኛ አይጠየቅም

የአዳማ ሰዎች፣ አንድ ልማድ አለን። ዓርብ ማታ አሸዋና ብሎኬት ይራገፋል፣ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ግንበኛ ይገባል፣ ሰኞ ጠዋት ደንብ አስከባሪው ሲያልፍ ግድግዳው ቆሞ ቆርቆሮው ተመትቶ ያገኘዋል። ይህን ብልጠት ብለነዋል። እንዲህ በእረፍት ቀን የሚሽቀዳደም ሰው የግንባታ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው አሳምሮ ያውቃል፤ ለእሱ ምክር አላባክንም። የምገሥጸው በቅንነት «ይህቺ እኮ ትንሽ ሥራ ናት» የምትሉትን ነው። እኔም ከእናንተ አንዱ ነበርኩ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የመንገድ ዳሯን ክፍል ሱቅ ላደርጋት አሰብኩ። መስኮቷን በር ማድረግ፣ ከሳሎኑ የሚለያትን ግድግዳ ማንሣት፤ በቃ። ግንበኛውን «ፈቃድ ይፈልግ ይሆን?» አልኩት። ሳቀ። እንጀራው ከእኔ ሥራ ነው፤ ምን እንዲለኝ ጠብቄ ነበር? ጣሪያውን የተሸከመው ያ ግድግዳ መሆኑን ያወቅነው ካፈረስነው በኋላ ነው። ከማንም ተቆጣጣሪ ቀድሞ ማገሩ ጎበጠብኝ።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 «ግንባታ» ሲል አዲስ ቤት መሥራትን ብቻ አላለም። ያለውን ቤት ማሻሻልንም፣ አገልግሎቱን መለወጥንም ጨምሮበታል። ስለዚህ ሰርቪስ ቤቱን መጋዘን፣ ሳሎኑን ምግብ ቤት ያደረገ ሰው አንዲት ብሎኬት ባያስቀምጥም በዚያ አዋጅ ፊት ገንብቷል። «ለጊዜው ነው» የምትሉም አላችሁ፤ አዋጁ ቋሚውንም ጊዜያዊውንም ሕንፃ ብሎታል። «ፈቃድ ለፎቅ ነው» የሚለውስ? ከሁለት ፎቅ በታች የሆነው የግል መኖሪያ እዚያው አዋጅ ውስጥ ምድብ «ሀ» ተብሎ ተጠርቷል፤ ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝመው ደግሞ ምድብ «ሐ»። ምድቡ የሚለያየው ለዲዛይንና ለባለሙያ ነው። ፈቃዱ ለሁሉም ነው።

ደግሞም የምንኖረው አዳማ ነው። ዙሪያችን ኮረብታ ነው፤ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ወደ እኛ እንደሚወርድ ልጆቻችን ሳይቀሩ ያውቃሉ። ያንን እያወቅን ግን የአጥራችንን ጥግ ገፋ አድርገን ቦዩ ላይ ሱቅ እናቆማለን፤ ውኃው መንገዱን ሲያጣ ታች ያለው ጎረቤት መኝታ ቤት ይገባል። ስምጥ ሸለቆ ላይ መቀመጣችንንስ ማን አስታወሰን? በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ ከቤታችን የወጣን ሰዎች ነን። በዚያች ሌሊት ለአንድ ቤት በተጣለ መሠረት ላይ ፎቅ የደረበ ሰው ምን ያስብ እንደነበር እንጃ።

ወረፋው ያሰለቻል ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ እኔም አንዱን ማኅተም ፍለጋ ስንት ቀን ተመላልሻለሁ፣ ተናድጃለሁም። ግን ያ ቁጣ ከቢሮው ጋር የምንጨርሰው ነው፤ ማገር አያቆምም።

እንግዲህ አሸዋ ከማራገፋችሁ በፊት ካርታችሁን ይዛችሁ የከተማችሁን የግንባታ ፈቃድ ቢሮ ጠይቁ። ያሰባችሁት ሥራ ከከተማው ፕላን ጋር መስማማቱ የሚረጋገጥበት የፕላን ስምምነት ይቅደም፣ የግንባታ ፈቃዱ ይከተል። ትናንት የጀመራችሁት ካለም እሑድን አሳርፉት፤ ሰኞ ቢሮው ይከፈታል።