የቡሬ በርበሬና የኮሪያ ታኮ

ይህን የምጽፈው ቡሬ፣ እህቴ ቤት ሆኜ ነው። በረንዳው ላይ በርበሬ ተዘርግፏል። የጎረቤት ሴቶች ከበው ይቀነጥሳሉ፣ ያወራሉ፣ ያስነጥሳሉ። እኔም እየቀነጠስኩ ሎስ አንጀለስ፣ ሰፈሬ አዲስ ስለተከፈተው ምግብ ቤት አወራኋቸው።

ቤቱ የኮሪያና የሜክሲኮን ምግብ ቀላቅሎ ነው የሚሸጠው። ታኮ መዳፍ የምታክል ስስ የበቆሎ ቂጣ ናት። መሃሏ ሥጋ ይደረግና ታጥፋ በእጅ ትበላለች። የዚህ ቤት ሥጋ በሶይ ሶስ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ ጨዋማ ፈሳሽ)፣ በነጭ ሽንኩርትና በስኳር ተዘፍዝፎ የተጠበሰ የበሬ ጎድን ነው። ላዩ ላይ ኪምቺ ይጨመርበታል፤ በጨውና በበርበሬ ታሽቶ የኮመጠጠ ጎመን ማለት ነው።

«በቆሎ ቂጣ በዶላር ይሸጣል?» አለች እህቴ። አዎ፣ ሦስቷ ከ15 ዶላር በላይ።

በቆሎም በርበሬም ጥንተ አገራቸው ሜክሲኮና አካባቢዋ ነው። ከ1500ዎቹ ወዲህ በመርከብ ዓለምን ዞሩ። በርበሬው ኮሪያም ገባ፣ እኛም ጋ ደረሰ። ዛሬ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ያለ በርበሬ አይነሱም፤ ሜጫና አቸፈር ደግሞ የበቆሎ አገር ናቸው።

ኮሪያዎችም ለክረምት የሚሆነውን ኪምቺ የሚያዘጋጁት እንዲህ ተሰብስበው ነው። ኪምጃንግ ይሉታል። ዩኔስኮ በ2013 በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት መዝግቦላቸዋል። የእኛ ሴቶች በርበሬውን ቀንጥሰው፣ በዝንጅብል፣ በነጭ ሽንኩርትና በበሶብላ ደልዘው፣ ፀሐይ አስጥተው እስኪያስፈጩት ያለው ልፋት ከዚያ በምን ያንሳል?

የኮሪያ ታኮን ስሙን ያስጠራው ሮይ ቾይ ነው። ሴኡል ተወልዶ ያደገው እዚያው ሎስ አንጀለስ ነው። በ2008 ከባልደረቦቹ ጋር ኮጊ የሚባል የምግብ መኪና ይዞ ወጣ። መኪናው የት እንደሚቆም በትዊተር ይነገር ነበር፣ ሕዝቡም በሌሊት ይሰለፍ ነበር። ኮሪያታውን በሚባለው ሰፈር ከኮሪያውያን ይልቅ የሚበዙት ከላቲን አሜሪካ የመጡ ሰዎች ናቸው። ቾይ የእናቱን ጣዕም እነዚህ ጎረቤቶቹ በሚወዱት ቂጣ አቀረበው። እኔን ደስ ያለኝ ይኼ ነው። የቤቱን ሙያ ስለሚያውቅ መቀላቀል አላስፈራውም።

ወደኛ ስመጣ የሚከነክነኝ አለ። ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም ሆቴል ገብታችሁ ሜኑ ክፈቱ፤ ፒዛና በርገር አይጠፋም። በቆሎ ግን የለም። ጤፍ ሲወደድ በቆሎ እንቀላቅላለን፣ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ እንደብቀዋለን። ያሳዝነኛል። ገበሬው ደክሞ ያመረተው እህል ነው እኮ።

አበላሉ ላይ ግን የኛን የሚያህል የለም። እዚያ ሎስ አንጀለስ ሁሉም የየራሱን ሳህን ይዞ አቀርቅሮ ይበላል። ጓደኛዬን ላጎርሰው እጄን ስዘረጋ የጎን ጠረጴዛው ሁሉ ዞሮ አየን። ጓደኛዬ ግን ጎረሰልኝ፤ እሱም የቢቸና ልጅ ነው።

ለጾመኛ ደግሞ በቶፉ የተሠራ አለ፤ ቶፉ ከአኩሪ አተር ነው የሚሠራው። ኪምቺው ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የዓሣ መረቅ ወይም በጨው የተቀመመ ሽሪምፕ የሚባል ትንሽ የባሕር እንስሳ ስለሚገባ ረቡዕና ዓርብ ጠይቃችሁ እዘዙ።

ቡሬ ምግብ ቤት ለመክፈት የምታስቡ ልጆች፣ እስኪ የበቆሎ ቂጣውን አሳንሱት፣ አሳሱት። ጥብስ አድርጉበት፣ በጾም ቀን ወፈር ያለ ሽሮ። ከላይ ድልህ ጣል አድርጉበት። እህቴ ነገ ልትሞክረው ነው፤ ጎረቤቶቿንም ከወዲሁ ጠርታለች።