ማስተካከያ፦ «ደስታን የሚጎትተው» ፕሮቲን

አንድ ፕሮቲን ትልቅ ከረጢት እየጎተተ በክር ላይ ሲራመድ የሚያሳየው ተንቀሳቃሽ ምስል «ማዮሲን ኢንዶርፊንን ሲጎትት፤ ደስታ ይህ ነው» በሚል መግለጫ በስፋት ይዘዋወራል። መግለጫው ስህተት ነው። ምስሉ በማይክሮስኮፕ የተቀረጸ ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ2006 ለሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ተማሪዎች የተሠራ የኮምፒውተር አኒሜሽን ነው። ተራማጁም ኪነሲን የተባለ ፕሮቲን ነው፤ ማዮሲን የሚጓዘው በሌላ ዓይነት ክር፣ በአክቲን ላይ ነው።

በታተሙ የቤተ ሙከራ ልኬቶች መሠረት፣ ኤቲፒ (ለሴል ኃይል የሚሰጥ ሞለኪውል) ከኪነሲን የፊተኛው እግር ጋር ሲጣበቅ አጭሯ የአንገት ክፍል ወደ ፊት ትታጠፍና የኋለኛው እግር ተወርውሮ ከፊት ያርፋል። እያንዳንዱ እርምጃ 8 ናኖሜትር ሲሆን አንድ ኤቲፒ ይፈጃል። አኒሜሽኑ እንደሚያሳየው ዝግ ያለ ሽርሽር ግን አይደለም፤ የውሃ ሞለኪውሎች ከየአቅጣጫው ያንገላቱታል። ምስሉን በክፍል ውስጥ የምታሳዩ መምህራን መግለጫውን ብትቀይሩት ይበቃል።