ሴትን በማክበር ማን ይስተካከለናል?

ሴትን በማክበር እኛን ወሎዬዎችን የሚስተካከለን የለም። እናትዬ፣ እህትዬ እያልን ስናቆላምጥ አንደክምም፤ ደግሞ ብር አያስወጣም።

ሕግ አክባሪነታችንስ! የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያለዕድሜ ጋብቻ ያስቀጣል ይላል። እኛም ሕጉን ላለማስቀየም የ15 ዓመቷን ልጅ 18 ሞልቷታል ብለን እንመሰክራለን፣ አለቀ። ይቺ 18 ደግሞ ለሰርግ ብቻ አይደለችም፣ ለፓስፖርትም ታገለግላለች። ልጅቷ ትምህርቷን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቁማ አረብ አገር ትሄዳለች። በምትልከው ብር የአባቷ ቤት ቆርቆሮ ይለብሳል፣ ወንድሟም ተምሮ ይመረቃል። ወንድምየው ውለታ የሚረሳ አይደለም፤ ቢሮ እንደገባ የካቲት 29፣ በሴቶች ቀን፣ ደሴ ላይ፣ የሴት ልጅ ትምህርት ለአፍሪካ ስላለው ፋይዳ ጽሑፍ አቀረበ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አበሉም ደህና ነው አሉ።

በዓሉማ አይወራ! ቲሸርቱ ታትሟል፣ ባነሩ ተሰቅሏል፣ መድረኩ ላይ ወንዶች ተደርድረው ስለ እኩልነት በየተራ ይናገራሉ። ሴቶቹም አልተረሱም፣ ከኋላ ቡና ያፈላሉ። አቦሉ ተጠጣ፣ ቶናው ተጠጣ፣ በረካውም አለቀ፣ የክብር እንግዳው ግን ገና መግቢያ ላይ ናቸው። ሴት እናት ናት፣ እህት ናት፣ ሚስት ናት አሉን። ነጋዴም ናት፣ ብድርም ትፈልጋለች ብሎ የሞቀ በዓል የሚያበርድ ባለጌ አልተገኘም፣ ተመስገን።

በማግስቱ ጀግኒት ያልናት እናት ጉልት ላይ ሽንኩርቷን ዘርግታ ነበር። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ልጇን በጀርባዋ፣ ሽንኩርቷን በነጠላዋ ቋጥራ እንዴት እንደሮጠች ብታዩ! ይሄን ጥንካሬ አይደል ትናንት ስናወድስ የዋልነው? ቦታ ብንሰጣት እኮ መሮጥ ትረሳለች።

ብድር ልጠይቅ ብትል ደግሞ መያዣ አምጪ ይሏታል። ቤቱ በባሏ ስም ነው፣ የቤቱ ሥራ ብቻ በእሷ። የገጠሯ ትሻላለች፤ በክልላችን የመሬት ደብተር ላይ የሚስትም ስም ከባሏ ጎን ይሰፍራል፣ ፎቶዋም ይለጠፋል። ደብተሩ ያለው ሳጥን ውስጥ ነው፣ የሳጥኑ ቁልፍ ባልየው ኪስ ውስጥ። ፎቶው ላይ አምሮባታል ይላል ባልየው።