ዳገቱ ውሻ ነው

ሰሞኑን ሩጫ ጀምሬያለሁ። ሩጫ ስል እርምጃ ነው፤ ስልኬ ግን ደግ ስለሆነ «ሩጫ» ብሎ ይመዘግብልኛል። ስጨርስ ግራፍ ያወጣል፤ ከታች በአግድም ደቂቃ፣ በጎን ወደ ላይ ፍጥነት። ትናንት ለአንድ ወዳጄ ባሳየው ዓይኑን ጠበብ አድርጎ አየና «ውይ! ይሄን ሁሉ ዳገት ወጣህ?» አለኝ።

ምን ዳገት? ሜዳ ለሜዳ ነው የሄድኩት። መስመሩ 20 ደቂቃ ሙሉ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ላይ ተጋድሞ ቆየ። ከዚያ ድንገት ወደ 14 ተተኮሰ። ከዚያ ዜሮ ላይ ወደቀ። ያቺ ጉብታ ውሻ ናት። አባረረኝ፣ ሮጥኩ፣ አጥር ላይ ተንጠላጠልኩ። ዜሮው አጥሩ ነው።

እውነቱን ለመናገር ዳገቱን ዝም ብዬ ብቀበል ይሻለኝ ነበር። ክብር አለው። ግን አልቻልኩም። ሰው የግራፍን መስመር እንደ መንገድ ፎቶ ሲያየው ደሜ ይፈላል። ወደ ላይ ከወጣ ዳገት፣ ከወረደ ቁልቁለት፣ ከተጠማዘዘ ኩርባ!

መስመር ከተነሳ አንድ የምወዳት ተረት አለች፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»። የዶሮ እንቁላል እስኪፈለፈል 21 ቀን ገደማ ይፈጃል። እስቲ የርቀትና የጊዜ ግራፉን ሣሉት። 21 ቀን ሙሉ መስመሩ ወለሉ ላይ ተኝቷል። ስሎፑ፣ ማለትም የመስመሩ ማዝመም፣ ዜሮ ነው፤ ስለዚህ ፍጥነቱም ዜሮ። ከዚያ ብድግ ይላል። ታዲያ ቀስ በቀሱ የቱ ጋ ነው? ቀስ በቀስ የሄደ ነገር መስመሩ ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ፣ ለዘብ ብሎም ቢሆን፣ ወደ ላይ ማዝመም አለበት። እንቁላሉ ቀስ አላለም፤ ቁጭ ነው ያለው። ተረቷን ግን አልተዋትም፣ ታምራለች። ደግሞ ልብ ብዬ አይቻለሁ፣ ይህችን ተረት የሚጠቅሱልኝ ሰዎች ሁሉ ቀጠሮ የሚያረፍዱ ናቸው። «መንገድ ላይ ነኝ» ይሉኛል። ግራፋቸው የእንቁላሉ ነው፤ ገና ካልሲ እየፈለጉ ነው።

እኔም ብሆን ቂም አለብኝ። ተማሪ ሳለሁ የፊዚክስ አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ አንድ ቀጥ ያለ አግድም መስመር አሰመሩና «መኪናው ምን እያደረገ ነው?» አሉኝ። «ቆሟል» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መኪናው ለካ በአንድ ዓይነት ፍጥነት እየነዳ ነው! ግን ዘንጎቹ ላይ፣ ማለትም የግራፉ አግድምና ቁመት መስመሮች ላይ፣ አንዲት ቃል አልጻፉም እኮ! በጎን ያለው ርቀት ከሆነ መኪናው ቆሟል። ፍጥነት ከሆነ እየከነፈ ነው። መስመሩ ያው አንድ መስመር ነው፣ እኔ በምን አውቄ? እስከ ዓመቱ መጨረሻ ስሜ «ቆሟል» ነበር። ኒኮል ኦሬም የሚባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በ14ኛው ክፍለ ዘመን፣ መኪና የሚባል ነገር በሌለበት፣ ጊዜን በአግድም ፍጥነትን በቁመት አድርጎ ሥሏል። ከመስመሩ በታች ያለው ስፋት የተጓዝነው ርቀት እንደሆነም አሳይቷል። የእኔ 6 ኪሎ ሜትር በሲሶ ሰዓት ሲባዛ 2 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ በኦሬም መንገድ። እሱ የትኛው ምን እንደሆነ ተናግሯል። የእኛ አስተማሪ ጠመኔ ቆጥበው ነው?

ከእሳቸው የባሰው ግን የስብሰባው ነው። አንድ አለቃ ነበረን። በየወሩ ግድግዳው ላይ ግራፍ ያበራል፤ መስመሩ ሁልጊዜ ወደ ላይ። «እድገታችንን ተመልከቱ!» እናጨበጭባለን። የሚያሳየን ከተመሠረትን ጀምሮ የሠራነውን ሁሉ ድምር ነው። ድምር ደግሞ ልክ እንደ መኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ነው፣ መቼም ወደ ታች አይወርድም! ተኝተን ብንውል እንኳ ባለበት ይረጋል እንጂ አይቀንስም። ፍጥነታችን ያለው በስሎፑ ውስጥ ነው፤ ስሎፑ ደግሞ በየወሩ እየለዘበ እየለዘበ መጥቶ ጫፉ ላይ ለጥ ሊል ምንም አልቀረውም። መስመሩ እየወጣ እኛ እየቀዘቀዝን ነበር። አንድ ቀን ይህን ብናገር «አፍራሽ አስተሳሰብ» ተባልኩ። አሁንም ሳስበው ይከነክነኛል። ጭብጨባው ደግሞ! ከሁሉም በላይ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ።

የት ነበርኩ? አዎ፣ ወዳጄ። አስቀምጬ አስረዳሁት። ይሄ ጊዜ ነው፣ ይሄ ፍጥነት፣ ከፍታ የሚባል ነገር እዚህ ግራፍ ላይ ጭራሽ የለም፣ ይቺ ጉብታ ውሻው ያባረረኝ ሰዓት ናት። በትዕግሥት ሰማኝ። ራሱን ነቀነቀ። ስልኩን ተቀብሎ ጣቱን ጉብታዋ ጫፍ ላይ አሳረፈ።

«አሁን ገባኝ» አለ። «ውሻው የጠበቀህ አናቱ ላይ ነው።»