የባህር ወንበዴው ልደትና የጣናው ሙዳይ

ውጭ ሀገር የልጅ ልደት ያለ «ቲም» አይታሰብም። ልጁ ዳይኖሰር ከወደደ ሳህኑም፣ ኩባያውም፣ ኬኩም ዳይኖሰር ይሆናል። አምስትና ስድስት ዓመት ላይ ደግሞ የባህር ወንበዴው ተራ ይደርሳል። አንድ ዓይን የሚሸፍን ጥቁር ጨርቅ፣ ራስ ላይ ሻሽ፣ ወገብ ላይ የፕላስቲክ ጎራዴ፣ ግድግዳው ላይ የራስ ቅል ያለበት ባንዲራ። እኔ በምኖርበት አሜሪካ ይህ ሁሉ ከአንድ ሱቅ ተሟልቶ ይገዛል።

የልጄን ልደት እንዲህ አክብረን ቪዲዮውን ባህር ዳር ላክነው። የእህቴ ልጅ አየችና «እኔም እንደዚያ!» አለች። ነሐሴ ላይ ስድስት ዓመት ይሞላታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእህቴ ጋር የስልክ ወሬያችን ይኸው ልደት ሆኗል።

ጨዋታው በእውነት ግሩም ነው። ነጭ ወረቀት በሻይ ተነክሮ ይደርቃል፤ ጠርዙ በእሳት ለብለብ ይደረጋል፤ ያረጀ ካርታ ይመስላል። ሀብቱ የተቀበረበት ቦታ ላይ የመስቀለኛ ምልክት ይደረጋል። ልጆቹ ፍንጩን እያነበቡ፣ እርምጃ እየቆጠሩ አብረው ይፈልጋሉ። ዓይን አፋሩ ልጅ ሳይቀር ይጮሃል። መጨረሻ ላይ ሣጥኑ ሲከፈት የወርቅ ወረቀት የለበሰ ቸኮሌት ይፈሳል። ስልክ የሚነካካ ልጅ አይታይም። ለዚህ ብቻ እንኳ ድካሙ አይቆጭም።

ታሪኩን አገላብጬ አይቼዋለሁ። ሀብት የቀበረ ወንበዴ ብዙ አይደለም። ካፒቴን ኪድ እ.ኤ.አ. በ1699 ኒው ዮርክ አጠገብ ባለች ደሴት ቀብሮ ነበር፤ ተቆፍሮ ወጣ፤ እሱም በ1701 ለንደን ላይ ተሰቀለ። ጢማሙ ብላክቤርድ በ1718 ሰሜን ካሮላይና ጠረፍ ላይ ተገደለ። ሦስት መቶ ዓመት አለፈው። እዚህ ያሉ ወላጆች ልጃቸውን ወንበዴ ሲያለብሱ የማይከብዳቸው ለዚህ ይመስለኛል። ወንበዴዎቹ የዘረፏቸው ሰዎች ልጆች ዛሬ በአጠገባቸው የሉም።

እናቴ ግን ቪዲዮውን አይታ ዝም አለች። ቆይታ «ልጅቷን ሽፍታ አልብሳችሁ ፎቶ ልታነሷት ነው?» አለችኝ። የምትለው ገባኝ። እሷ ያለችበት ሀገር ዘራፊ የተረት ሰው አይደለም። ከባህር ዳር ወደ አዲስ አበባ በመኪና ሊሄድ የተነሳ ሰው ቤተሰቡ ስልክ ይዞ ቁጭ ይላል። እገታ የሚባለውን ነገር ሕፃናቱም ይሰሙታል። ገንዘብ ተዋጥቶ የተለቀቀ ሰው ወሬ በየቡናው ላይ አለ። እንዲህ ባለ ጊዜ ስድስት ዓመት የሞላት ልጅ ጎራዴ ታጥቃ «ያለህን አውጣ!» ስትል ማየት አያቷን ቢያማት ልክ ናት። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ።

ታዲያ ጨዋታው ይቅር? አይቅር። ልጅቷን የማረካት ዘረፋው አይደለም። ጀልባው፣ ካርታው፣ ፍለጋው ነው። ይሄ ሁሉ ደግሞ እነሱ ደጅ አለ።

ጣና ዳር ያደገ ሰው በ16ኛው ክፍለ ዘመን በግራኝ ጦርነት ጊዜ መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ወደ ደሴቶቹ ስለመሸሻቸው ሲተረክ ሰምቶ ነው ያደገው። ዳጋ እስጢፋኖስ የአፄ ዘርዓ ያዕቆብና የአፄ ፋሲል አፅም አለ። ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የብራና መጻሕፍትና የነገሥታት ዘውዶች ተጠብቀው ይታያሉ። እዚህ ታሪክ ውስጥ ጀግናው የዘረፈው ሳይሆን ከዘራፊ የሸሸገው ነው። መነኩሴው፣ ቀዛፊው፣ ምስጢር ጠባቂው። ይህን ለልጅ መስጠት ስንችል የካሪቢያንን ዘራፊ ለምን እንዋሳለን?

ስለዚህ ዕቅዱን ቀየርነው። ልጆቹ ሀብት የሚያሸሹ ታንኳ ቀዛፊዎች ይሆናሉ። እውነተኛው ታንኳ ከደንገል ይሠራል፤ በክረምት ግን ልጅ ጭኖ ሐይቅ መግባት አይታሰብም። ሳሎን ውስጥ ሰሌን ይዘረጋል፤ ሁለቱ ጫፎች በገመድ ሽቅብ ይታሰራሉ፤ በቃ ታንኳ ነው። መሃል ላይ አንድ ሰው «ጉማሬ መጣ!» ሲል ሁሉም ሳይነቃነቅ ይቆያል። የተንቀሳቀሰ ከታንኳው ይወርዳል።

ሣጥኑ ሙዳይ ይሆናል። ካርታው በቡና አተላ ይቀለማል፤ እዚያ ቤት አተላ ጠፍቶ አያውቅም። እናቴ አንድ ነገር አስጠንቅቃናለች፤ ታቦትና መስቀል በጨዋታ አይነካም። ስለዚህ ሙዳዩ ውስጥ የሚገባው ከረሜላ፣ እርሳስ፣ ጨሌና ቸኮሌት ነው።

ፍንጩ ላይ ነው በጣም የተደሰትኩት። እዚህ የልደት ፍንጭ ከሱቅ ታትሞ ይመጣል። ጎጃም ውስጥ እንቆቅልሽ እያለ ለምን ይገዛል? «እንቆቅልህ!» «ምን አውቅልህ?» ሦስት ወንድማማች አንድ ድስት የሚሸከሙት? ጉልቻው ጋ ሩጡ። ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው? ውሃ ነው፤ ሮቶው ስር ፈልጉ። ያልመለሰ ሀገር ይሰጣል፤ ጎንደርን ሰጥቶ ይቀጥላል። ማንበብ ያልጀመሩትም ልጆች በጆሯቸው ይጫወታሉ።

ቀኑ አስቸግሮን ነበር። ልደቷ የሚውለው ፍልሰታ ውስጥ ነው። በጎጃም ፍልሰታን ልጆችም ይጾማሉ፤ እንቁላልና ቅቤ ያለበት ኬክ አይቀርብላቸውም። ስለዚህ ከነሐሴ 16 በኋላ ባለው ቅዳሜ ይሁን አልን። ከሰዓት ዝናብ ስለማይቀር ጠዋት ይጀመራል። ጓሮ የሚቀመጠው ፍንጭ በፌስታል ይጠቀለላል።

የእንግዳው ነገር ሁለቱን ሀገር በደንብ ይለያል። እዚህ ጥሪው ከሳምንታት በፊት ይላካል፤ መጀመሪያና ማብቂያው ሰዓት ይጻፋል፤ ለውዝ የማይስማማው ልጅ ይጠየቃል። የለውዙን ጥያቄ ለእህቴም አጥብቄ ነግሬያታለሁ፤ ሕይወት ነው። እዚያ ግን የግቢው ልጅ ሁሉ ሳይጠራ ይመጣል። እናቶቹም ይመጣሉ፤ አንዷ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ አንዷ ቡና ታፈላለች። እኔ ለልጄ ልደት ሌሊቱን ብቻዬን ፊኛ ስነፋ ያደርኩት ጎረቤት የሚባል ስለሌለኝ ነው። ሀገር ቤት ያላችሁ፣ አሁን አሁን በየከተማው የመጣው የዲኮር ኪራይ ይህን እንዳያስቀርባችሁ እፈራለሁ። ገንዘቡ ብዙ ነው፤ ጎረቤቷም ሥራዋን ታጣለች።

ሙዳዩ ሲከፈት ለሁሉም እኩል ይከፈላል። እነዚያ የጥንት ወንበዴዎች እንኳ ምርኮ የሚካፈሉበት ውል ነበራቸው፤ በአንዱ መርከብ ውል ካፒቴኑ ሁለት ድርሻ ነበር የሚወስደው። የኛ ካፒቴን ግን እንደማንኛዋም አንድ ድርሻ ነው ያላት፤ ይህን ራሷ ተስማምታለች።

እናቴ ድፎውን ትደፋለች። እህቴ ሰሌኑን ትዋሳለች። እኔ ቸኮሌቱን በመንገደኛ እልካለሁ። የቀረን ለጓሮ ጎመኑና ለዶሮ ቤቱ የሚሆን እንቆቅልሽ ነው። ከሞጣም፣ ከቢቸናም፣ ከዳንግላም ያላችሁ፣ የምታውቁትን ወርውሩልኝ።