አፈ ታሪክ ወይስ ተረት?

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ለማረም ተሰብስበን ሳለ፣ «በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው ቡናን ያገኘው ካልዲ የተባለ እረኛ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ላይ ስንደርስ፣ አርታዒዋ «አፈ ታሪክ» የሚለውን በቀይ ብዕር ሰርዛ ከበላዩ «ተረት» ብላ ጻፈች። ማስረጃ የሌለውን ነገር ታሪክ በሚል ቃል መጥራት አንባቢን ማሳሳት ነው ስትል ምክንያቷን ነገረችን።

የቋንቋ መምህር የነበሩት አዛውንት አልተቀበሏትም። «ልጄ፣ ተረት ሲሉሽ ‹የላም በረት› ብለሽ የመለስሽ ጊዜ እኮ ፈጠራ መሆኑን አውቀሽ ገብተሻል። አፈ ታሪክን የሚነግርሽ ሰው ግን ተደርጓል ብሎ አምኖ ነው» አሏት።

«ይሁን ጋሼ፤ ቃሉ ራሱ ግን ትክክል ነው?» አለ ሌላው ባልደረባችን። አፈ ንጉሥ የንጉሥ አፍ፣ አፈ ጉባኤም የጉባኤ አፍ ከሆነ፣ አፈ ታሪክ በግእዙ አገባብ የታሪክ አፍ እንጂ የአፍ ታሪክ አይሆንም ሲል ሞገተ። እሳቸውም አገባቡን ሳይክዱ፣ ተናጋሪው ሁሉ ከአፍ ወደ አፍ የተላለፈ ታሪክ ብሎ የተግባባበትን ቃል ሰዋስው ብቻውን አይሽረውም አሉ።

እኔ በልዩነቱ ከአዛውንቱ ጋር ነኝ፤ ተረት የሚለው ቃል የሰሚና የነጋሪን ስምምነት ሲያመለክት፣ አፈ ታሪክ ደግሞ ወሬው የመጣበትን መንገድ ይናገራል እንጂ ስለ እውነትነቱ አይፈርድም። ነገር ግን መንገዱን የሚናገር ቃል ስለሆነ መንገዱ ሊጣራ ይገባል፤ የካልዲን ነገር ያየን እንደሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1671 ፋውስቶ ናይሮን የተባለ ምሁር ስለ ቡና ሮም ላይ በላቲን ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥ እረኛው ስም የለውም፤ አገሩም የመን ነው። እንዲያውም የሚጠብቀው ግመል ነው የሚሉና ፍየል ነው የሚሉ እንደነበሩ ጸሐፊው ራሱ ጠቅሷል። ካልዲ የሚለው ስም የተጨመረው ኋላ ነው። በኅትመት እየተቀባበሉ ያሰፉትን ነገር በደፈናው «አፈ ታሪክ» ብንለው፣ ጸሐፊዎች የሠሩትን ለአባቶቻችን አፍ መስጠታችን ነው፤ ይህ ደግሞ በእውነት በቃል የቆየልንን ሁሉ ዋጋ ያሳጣል።

ስለዚህ ሁለቱንም ቃላት ትተን፣ «እ.ኤ.አ. በ1671 የታተመውና የእረኛው ስም በኋላ የተጨመረበት ትረካ እንደሚለው» ብለን ጻፍን።