ቦልድም፣ ኢታሊክም፣ ከሥሩም ይሰመርበት

ምስጋና ይግባቸውና ማስታወቂያ ጸሐፊዎቻችን አድልዎ አያውቁም። ከ«ማሳሰቢያ» እስከ «ከሰላምታ ጋር» ያለው ቃል ሁሉ ደምቋል፣ ወደ ቀኝ ዘሟል፣ ከሥሩም ተሰምሮበታል። «እና» እንኳን ሳትቀር ቦልድ ሆናለች። ምን አጠፋች ተብላ ትቅር?

ጥበቡ ሲሠራ ማየት የፈለገ ኮፒ ቤት ጎራ ይበል። ጸሐፊዋ ደብዳቤውን ጨርሳለች። ደንበኛው ከጀርባዋ ቆሞ ስክሪኑ ላይ አፍጥጧል።

«የኔ እህት፣ ፈዘዝ ብሏል። ደመቅ አድርጊው።»

«ርዕሱን ነው ጋሼ?»

«ሁሉንም ነዋ! ከፍዬ የለ እንዴ?»

«እሺ፣ ይኸው።»

«አሁን ደግሞ ዘንበል አድርጊው፤ ያምራል።»

ኮንትሮል ኤ ሁሉንም መረጠ፣ ኮንትሮል ቢ አደመቀ፣ ኮንትሮል አይ አዘመመ። አለቀ።

ነገር ፈላጊዎች ግን ኢታሊክ ለዚህ አልተፈጠረም ይላሉ። በ1501 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ውስጥ አልዱስ ማኑቲየስ የተባለ አታሚ ትንንሽ መጻሕፍት ያተመበት፣ ፍራንቼስኮ ግሪፎ ከእጅ ጽሕፈት ወስዶ የቀረጸው ቀጭን ፊደል ነበር አሉ። ይሁና! የላቲኑ ኢታሊክ ሲዘም ፊደሉ ራሱ መልኩን ይቀይራል። የእኛን ግን ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ ነው ገፍቶ የሚያጋድመው። ከዊንዶውስ ጋር የመጣልን ኒያላ የተባለው የግዕዝ ፊደል (ፎንት) ያለው አንድ መደበኛ ቅርጽ ብቻ ነው። ድምቀቱም መዝመሙም የኮምፒውተሩ ግምት ነው። ለእኛ ግምት መች ብርቅ ሆነና።

ውጤቱን ጠጋ ብላችሁ እዩት። «ቤ» እግሯ ላይ ትንሽ ቀለበት አላት። ስትደምቅ ቀለበቷ ይደፈንና «ቢ» ትመስላለች። «ቢ» ደግሞ ያቺን የእግሯን ጭረት ከሥር የተሰመረው መሥመር ይውጥባትና «በ» ሆና ታርፋለች። ወረቀቱ ሁለት ሦስቴ ፎቶኮፒ ከተደረገ በቃ፣ አንባቢው በአንድ ገጽ ማስታወቂያም እንቆቅልሽም አገኘ። በነፃ!

የብራና ጸሐፊዎቻችን እንዲህ ያለ ቸርነት አልነበራቸውም። ገጹን በጥቁር ይሞሉና ቀዩን ቀለም ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም ያቆዩታል። ዓይን ሳይጠራ እዚያ ይሄዳል። ምን ያድርጉ፣ ኮንትሮል ኤ የላቸው።

ዛሬም የእነሱን መንገድ የሚከተሉ ቆንቋኖች አሉ። ደማቅ ዘመም ፊደል በገጽ ለአንዲት ቃል፣ ቢበዛ ለአጭር ርዕስ ነው ይላሉ። የእሱ መዝመም የሚታየው ሌላው ቀጥ ብሎ ሲቆም ነው ይላሉ። ምቀኝነት ነው፣ ሌላ ምን ይባላል?

የኮንዶሚኒየማችን ኮሚቴ ደግሞ ሰሞኑን ራሱን በልጧል። «ለብሎኩ ነዋሪዎች በሙሉ!!!» ይላል፣ ቦልድ ኢታሊክ። ታንከሩ ስለሚታጠብ ውኃ ይቋረጣል፣ ቦልድ ኢታሊክ። ቀድማችሁ ቅዱ፣ ቦልድ ኢታሊክ። ለትብብራችሁ እናመሰግናለን፣ እሱም ቦልድ ኢታሊክ። ቀኑ ብቻ ነው የተረሳው። ኋላ ላይ ክፍት ቦታው ላይ በእስክሪብቶ፣ ቅጥን ብሎ ገብቷል። ማኅተሙም ሄዶ ሄዶ እሱ ላይ አርፏል።

ጥበቃውን ብንጠይቀው ሐሙስ ነው አለን።